የኮሌጅ ኮከብ ኳርተርባክ ፕሮ ላይ ለምን ይጠፋል? መልማዮች የሚያዩትና የሚያልፋቸው

በየዓመቱ ኤፕሪል ሲደርስ አሜሪካ ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል። እገሌ የተባለው የኮሌጅ ኳርተርባክ (የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ወርዋሪ) ኤን ኤፍ ኤል የሚባለው የፕሮ ሊግ ላይ ይሆናል ወይስ አይሆንም? የስፖርት ቻናሎቹ ስለዚህ ብቻ ሲያወሩ ይከርማሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ የከተማውን ቡድን የኮማንደርስን ማሊያ ለብሰው በዚሁ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ልጁ ኮሌጅ ላይ ጎበዝ ከሆነ ፕሮም ላይ ጎበዝ ይሆናላ! ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ነው ዛሬ የምንጫወተው።

መጀመሪያ ድራፍቱን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። 32 ቡድኖች በሰባት ዙር ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይወስዳሉ። ባለፈው ዓመት ጭራ የሆነው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ተራውን ለሌላ ቡድን አሳልፎ በምትኩ ሌላ ነገር መቀበልም ይችላል። ተጫዋቹ የወሰደው ቡድን ጋ ይሄዳል፣ አለቀ። ኳርተርባክ ከሌላው ሁሉ የሚለየው ቡድኑ ባጠቃ ቁጥር ኳሷ በእሱ እጅ ስለምታልፍ ነው። ደህና ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ሌላው ሁሉ ቢሟላለትም ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ አንድ ለማግኘት ያለ የሌለውን ያወጣል።

ያወጣና ይቆጨዋል። የ2021ን ድራፍት እዩ። በመጀመሪያው ዙር አምስት ኳርተርባኮች ተወሰዱ፦ ትሬቨር ሎውረንስ፣ ዛክ ዊልሰን፣ ትሬይ ላንስ፣ ጀስቲን ፊልድስና ማክ ጆንስ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከአምስቱ አራቱ የወሰዳቸው ቡድን ጋ አልነበሩም። የቀረው ሎውረንስ ብቻ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላንስን ለመውሰድ ከ12ኛ ተራ ወደ 3ኛ ሲወጣ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ከፍሎ ነበር፤ በ2023 ለዳላስ አሳልፎ ሲሰጠው ያገኘው አንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ነው። ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚመርጡት መልማዮች እኮ ሥራቸው ይሄው ነው! ዓመቱን ሙሉ ቪዲዮ እያዩ፣ ከአገር አገር እየበረሩ፣ አሰልጣኝና መምህር እየጠየቁ ነው የሚሳሳቱት።

ችግሩ የሚጀምረው ከሜዳው ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ መሃል ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ ሁለት ረድፍ ትንንሽ መስመሮች አሉ። ጨዋታው ዳር አካባቢ ካለቀ ኳሷ ለቀጣዩ ሙከራ የምትቀመጠው እነዚህ መስመሮች ላይ ነው። በኮሌጅ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 40 ጫማ ነው፤ በኤን ኤፍ ኤል 18 ጫማ ተኩል። እና ምን ይጠበስ? ብዙ ነገር። በኮሌጅ ኳሷ ወደ አንድ ጎን ተጠግታ ስትቀመጥ በሌላው በኩል ሰፊ ባዶ ሜዳ ይተርፋል፤ አሰልጣኞች ያን ባዶ ሜዳ የሚበዘብዝ ጨዋታ ይሠራሉ፣ ተከላካዩም ያን ሁሉ ቦታ ለመሸፈን ሲል አሰላለፉን ቶሎ ይገልጣል። ፕሮ ላይ ሜዳው በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚሆን ተከላካዮች እስከ መጨረሻው ሰከንድ መደበቅ ይችላሉ። ልጁ ኮሌጅ ላይ የለመደው ክፍት መጽሐፍ ድንገት ተዘጋ ማለት ነው።

ሌላው፣ ብዙ ኮሌጆች ላይ ኳርተርባኩ የሚያስበው ነገር ትንሽ ነው። አሰልጣኙ ከዳር ምልክት ያሳያል (ከ2024 ጀምሮ ግን ትልልቆቹ ኮሌጆችም የራስ ቁር ስፒከር ተፈቅዶላቸዋል)፣ ልጁ ዞር ብሎ ያያል፣ ኳሷን ይቀበላል፣ አንድ ተከላካይ ብቻ አይቶ ወይ ይወረውራል ወይ ለሯጩ ይሰጣል። ፕሮ ላይ የአሰልጣኙ ድምፅ በራስ ቁሩ ውስጥ ባለው ስፒከር ይመጣል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ድምፁ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው። አንድ አረፍተ ነገር የሚያህል የጨዋታ ስም ለአሥር ጓደኞቹ ደግሞ መናገር፣ ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ ማንበብ፣ ካልተመቸው መለወጥ፣ ይሄ ሁሉ የሱ ነው።

ክፍት መሆን የሚባለውም ነገር ይለያያል። ኮሌጅ ላይ ተቀባዩ ክፍት ነው ሲባል በዙሪያው ሦስት እርምጃ ሰው የለም ማለት ነው። ፕሮ ላይ ግማሽ እርምጃ ከቀደመ ክፍት ነው፤ ያውም ኳሷ በሰዓቱ ከመጣች።

እንግዲህ መልማዩ ምን ያያል? አንድ ጨዋታ ቀስ ብለን እንይ። ሦስተኛ ዳውን፣ ማለትም ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ 8 ያርድ ቀርቷል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ አለበት፤ ሦስተኛው ላይ ይሄን ያህል ከቀረ ሁሉም ሰው ኳሷ እንደምትወረወር ያውቃል፣ ተከላካዮቹም ጭምር። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ሁለት የመጨረሻ ተከላካዮች ከኋላ ርቀው ቆመዋል። ኳሷ ኳርተርባኩ እጅ ስትገባ አንደኛው ሮጦ ወደ መሃል ይወርዳል። ልጁ ክፍት ይሆናል ብሎ ያሰበው ቦታ ተዘጋ። የመጀመሪያ ተቀባዩ ተይዟል። ዓይኑን ወደ ሁለተኛው ያዞራል። እዚህ ድረስ ሁለት ሰከንድ ገደማ ሄዷል። በግራ በኩል የሚጠብቀው ጓደኛው ተሸንፎ 120 ኪሎ የሚመዝን ሰው እየመጣበት ነው።

አሁን ቪዲዮውን አቁሙት። መልማዩ ደሞዝ የሚበላው እዚህች ሰከንድ ላይ ነው። ልጁ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ገባ ብሎ፣ ዓይኑ ከሜዳው ሳይነቀል ወደ ሦስተኛው ተቀባይ ይወረውራል? ወይስ ዓይኑ ወርዶ የሚመጣበትን ሰውዬ ማየት ጀመረ? ወይስ ዞሮ ወደ ኋላ ሮጠ? ሦስተኛው ኮሌጅ ላይ በጣም ያምራል። ልጁ ከሁሉም ይፈጥናላ፣ አሥራ አምስት ያርድ ወደ ኋላ ሮጦ፣ ሁለት ሰው አታሎ፣ ሜዳውን አቋርጦ ታችዳውን (የፉትቦል ጎል በሉት) ይወረውራል፣ ክሊፑም ስልካችን ላይ ይደርሳል። ፕሮ ላይ ያ 120 ኪሎ ሰውዬ ከእሱ እኩል ይሮጣል። የሚያምረው ክሊፕ እዚያ የ12 ያርድ ኪሳራ ነው።

ለዚህ ነው መልማዮች በቴሌቪዥን የምናየውን ምስል የማይጠቀሙት። ከላይ ተቀርጾ 22ቱንም ተጫዋቾች ባንዴ የሚያሳይ ፊልም አላቸው፤ ኳሷ ወዴት እንደሄደች ብቻ ሳይሆን ወዴት መሄድ እንደነበረባትም ይታያል። የተያዘ ኳስ ሁሉ ጥሩ ውርወራ አይደለም፣ ኢንተርሴፕሽን (ተከላካይ የቀለበው ኳስ) ሁሉም የኳርተርባኩ ጥፋት አይደለም።

ከዚህች ሰከንድ ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር አለ፣ እኔ በግሌ ከሁሉ ቁጥሮች አብልጬ የማየው። ተከላካይ ከደረሰበት ጊዜ ውስጥ ስንቱ ላይ ኳሷን እንደያዘ ወደቀ የሚለው ነው። እንዲህ መውደቁ ሳክ ይባላል፤ ሰው ሲያየው የጠባቂዎቹ ጥፋት ይመስለዋል። በከፊል ነው። ግን ቶሎ የሚያስብ ኳርተርባክ ጠባቂዎቹ ደካማ ቢሆኑም ኳሷን አስወግዷት ይገኛል፤ ኳስ የሚይዝ ደግሞ በደህና ጠባቂዎች ኋላ ቆሞም ይወድቃል፣ ይሄ ልማዱም ከኮሌጅ ወደ ፕሮ አብሮት ነው የሚመጣው። ሸዱር ሳንደርስ በኮሎራዶ የመጨረሻ ዓመቱ ከወረወረው 74 በመቶውን አገናኝቷል፣ ድንቅ ቁጥር ነው። ኳሷን ብዙ ይይዛል፣ ጫና ሲመጣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል የሚለው ትችት ግን ቀድሞም ነበር። በ2025 አንደኛ ዙር ይወሰዳል ሲባል ቆይቶ አምስተኛ ዙር፣ 144ኛ ላይ ክሊቭላንድ ወሰደው። እስከዚያ ድረስ ለመውረዱ ብዙ ምክንያት ተወርቷል፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ያለ አልነበረም። ይቺኛዋ ግን ፊልሙ ላይ አለች።

ወደ አካል ልኬት ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ያስቃል። በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይን የሚባል ፈተና አለ። 40 ያርድ ያስሮጧቸዋል፣ ያዘልሏቸዋል፣ ይመዝኗቸዋል፣ የእጃቸውን መዳፍ ሳይቀር ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ይለኩታል። ጆ በሮው በ2020 መዳፉ 9 ኢንች ሆኖ ትንሽ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ጡረታ ለመውጣት እያሰብኩ ነው ብሎ ትዊተር ላይ ቀለደ። አንደኛ ተመርጦ በሁለተኛ ዓመቱ ሲንሲናቲን ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) አደረሰ። ቶም ብሬዲ በ2000 40 ያርዱን የሮጠው በ5.28 ሰከንድ ነው፣ ለአትሌት በጣም ዘገምተኛ ነው። ስድስት ኳርተርባኮች ከተወሰዱ በኋላ በስድስተኛው ዙር 199ኛ ተመረጠ። ሰባት ሱፐር ቦውል በላ። በተቃራኒው ጃማርከስ ራስል የሚባል የኤል ኤስ ዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ልጅ ክንዱ ብረት ነበር፣ በ2007 ኦክላንድ አንደኛ ወሰደው፣ ከሦስት የውድድር ዓመት በኋላ ከሊጉ ወጣ። ክንድ እንደ መግቢያ ትኬት ነው ብትሉ አይከፋም። ከሌለህ አትገባም፤ ከገባህ በኋላ ግን ማንም አይጠይቅህም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ጥያቄ ሌላ ነው። ካየነው ውስጥ ስንቱ የልጁ ነው፣ ስንቱስ የጓደኞቹ? በሮው በ2018 ኤል ኤስ ዩ ውስጥ 16 የታችዳውን ኳስ ወረወረ። መካከለኛ ተጫዋች። በ2019 60 ወረወረ። ስልሳ! በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ? አዲስ የማጥቃት ስልት መጣ፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ጀስቲን ጀፈርሰንና ጃማር ቼስ ነበሩ፤ ሁለቱም ዛሬ ከሊጉ ምርጦች ውስጥ ናቸው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ልጁ ጎበዝ ነው ማለት በትልቅ ባንድ ታጅቦ የሚዘፍንን ሰው ድምፁን ብቻ ለይቶ እንደመስማት ነው። በበሮው ጊዜ መልማዮች የለዩት ትክክል ሆነ፣ ምክንያቱም ጓደኞቹ ሊረዱት በማይችሉበት ጨዋታ ላይ፣ ተከላካይ እላዩ ላይ ሆኖም ረጋ ብሎ ሲወረውር ታይቷል። ማክ ጆንስ ላይ አልሠራም። አላባማ ውስጥ በ2020 አብረውት የነበሩት ተቀባዮች ዴቮንታ ስሚዝና ጄይለን ዋድል ነበሩ፤ ስሚዝ በዚያ ዓመት የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሆነው ሃይስማንን ያሸነፈ ሰው ነው። ኒው ኢንግላንድ ላይ እንደዚያ ዓይነት ጓደኞች አልነበሩትም።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ፓትሪክ ማሆምስ ቴክሳስ ቴክ እያለ ቡድኑ ይሸነፍ ነበር፤ በ2016 አምስት አሸንፎ ሰባት ተሸነፈ። ኳስ ብቻ የሚወረወርበት ስልት ውስጥ ስለሚጫወት ቁጥሩ ውሸት ነው የሚሉ ነበሩ፣ እግሩ ሥርዓት የለውም፣ በጎን ይወረውራል ይሉት ነበር። በ2017 ቺካጎ በሁለተኛ ተራ ሚች ትሩቢስኪን ወሰደ። ትሩቢስኪ ኮሌጅ ላይ በቋሚነት የጀመረው 13 ጨዋታ ብቻ ነው። ማሆምስ 10ኛ ላይ ካንሳስ ሲቲ ገባ፣ ለዚያውም ቡድኑ ከ27ኛ ተራ ከፍሎ ወጥቶ ነው። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ስለ ጆሽ አለን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ዋዮሚንግ እያለ ከወረወረው የሚያገናኘው 56 በመቶ ገደማ ነበር። መጥፎ ነው፣ በደንብ መጥፎ። ለዓመታት የተደጋገመው ሕግ ኮሌጅ ላይ ኳስ የሳተ ፕሮም ላይ ይስታል የሚል ነው። ቡፋሎ በ2018 ሰባተኛ ወሰደው፣ በ2020 69 በመቶ አገናኘ፣ በ2024 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በጣም ጥሩ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ ቁመት፣ ክንድና ፍጥነት ያለው ኳስ ሳች በታየ ቁጥር "ቀጣዩ ጆሽ አለን" ማለት ተጀመረ። አንቶኒ ሪቻርድሰን በ2023 ኮምባይን ላይ ለኳርተርባክ ታይቶ የማይታወቅ ዝላይ ዘለለ፣ 40 ያርዱን በ4.43 ሰከንድ ሮጠ። ኮሌጅ ላይ 13 ጨዋታ ነው የጀመረው፣ የመጨረሻ ዓመቱ 54 በመቶ አካባቢ። ኢንዲያናፖሊስ አራተኛ ወሰደው። በ2024 ግማሹን እንኳ ማገናኘት አልቻለም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይም ተቀመጠ። አንድ ሰው ሕጉን ስለጣሰ ሕጉ ጠፋ ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ ትሬይ ላንስም ኮሌጅ ላይ የጀመረው 17 ጨዋታ ነው። የጨዋታ ብዛት እንዲሁ የሚናቅ ነገር አይደለም።

አሁን ይሄ እየተለወጠ ነው። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ መሥራት ተፈቅዶላቸዋል፣ ትምህርት ቤት መቀየርም ቀሏል። ድሮ ለገንዘብ ሲል ቶሎ የሚወጣው ልጅ አሁን ይቆያል። ቦ ኒክስ 61 ጨዋታ ጀምሮ በ24 ዓመቱ ድራፍት ገባ። ጥሩ ነው፣ የሚታይ ብዙ ፊልም አለ። ግን የ23 እና የ24 ዓመት ሰው 19 ዓመት ልጆች ላይ ሲጫወት ጎበዝ ባይመስል ነው የሚገርመው። መልማዩ አሁን ዕድሜውንም መቀነስ አለበት።

ጭንቅላቱንስ? ለዓመታት ዎንደርሊክ የሚባል 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ የሚሠራ ፈተና ይሰጡ ነበር፣ ትተውታል። በ2023 በሌላ አዲስ ፈተና ሲ ጄ ስትራውድ ዝቅተኛ ውጤት አመጣ ተብሎ ሾልኮ ወጣ። ሂውስተን ሁለተኛ ወሰደው፣ በዚያው ዓመት የአጥቂ ጀማሪዎች ምርጥ ሆነ። የተሻለው ፈተና ነጭ ሰሌዳ ነው። አሰልጣኙ ጨዋታ ያስተምረዋል፣ ወሬ ያወራዋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማርከሩን ይሰጠውና ያን ጨዋታ ድገመው ይለዋል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ግማሹ ነገር አሁንም ከልጁ ውጭ ነው፤ የሚሄድበት ቡድን። ማሆምስ የመጀመሪያ ዓመቱን ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ ተቀምጦ ተማረ፣ አንድ ጨዋታ ነው የጀመረው። ሳም ዳርኖልድ ግን በ2018 ሦስተኛ ተመርጦ ኒውዮርክ ጄትስ ሲገባ ወዲያው ሜዳ ላይ ተጣለ። አልሆነም ተባለ፣ ተሸጠ፣ ሁለት ቡድን ዞረ፣ በ2024 ሚኒሶታ ደርሶ 14 አሸንፎ ሦስት ተሸነፈ። ሰውዬው ያው ነው። ብሮክ ፐርዲ በ2022 262ኛ፣ የመጨረሻው የመጨረሻ፣ ተመርጦ ሳን ፍራንሲስኮ ጥሩ አሰልጣኝና ጥሩ ጓደኞች ስላገኘ በሁለተኛ ዓመቱ ሱፐር ቦውል ላይ በቋሚነት ተሰለፈ። የላንስን ቦታ የወሰደው እሱ ነው።

ታዲያ ቡድኖች ይሄን እያወቁ ለምን ይስገበገባሉ? ገንዘብ ነዋ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ኮንትራት ፈረመ። በ2011 የጀማሪ ደሞዝ ጣሪያ ወጣለትና አንደኛው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት በጠቅላላው 22 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ጀማሪ ኳርተርባክ ያለው ቡድን ለአራት ዓመት በርካሽ ስለሚያጫውተው በተረፈው ገንዘብ ሌሎችን ይገዛል። ቢሳሳት የሚከስረው ቀንሷል፣ ቢሳካለት የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው። በ2024 ከመጀመሪያዎቹ 12 ተመራጮች ስድስቱ ኳርተርባክ መሆናቸው ከዚህ ነው የመጣው።

ከስድስቱ ሁለተኛው የዋሽንግተኑ ጄይደን ዳንኤልስ ነው። እዚያ ከተማ ሰው በቀላሉ አያምንም፣ ልክም ነው፤ በ2012 ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፍለው ሮበርት ግሪፊንን አመጡ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ አበደላቸው፣ ጉልበቱ ተጎዳና ያ ልጅ አልተመለሰም። በዚያው ድራፍት አራተኛ ዙር ላይ እንደ ተጠባባቂ የወሰዱት ከርክ ከዝንስ ነው ቆይቶ ቦታውን የያዘው።

ዳንኤልስ ላይ እስካሁን ያወራነው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አሪዞና ስቴት ጀምሮ ኤል ኤስ ዩ ዞረ፣ 55 ጨዋታ ጀመረ። በ2023 40 ታችዳውን ወርውሮ አራት ኢንተርሴፕሽን ብቻ፣ ሃይስማንም የሱ ሆነ። ግን ተቀባዮቹ ማሊክ ኔበርስና ብራያን ቶማስ ናቸው፣ ሁለቱም በዚያው ድራፍት አንደኛ ዙር የተወሰዱ። ታዲያ የማን ነው ቁጥሩ? ጫና ሲመጣበት ኳሷን ይዞ ይወድቃል የሚል ነቀፋም ነበረበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ ሲሮጥም ከመመታት አይሸሽም ይሉ ነበር። የወደዱት ደግሞ በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ጨዋታውን በተፋጠነ ፍጥነት ደጋግሞ እንደሚለማመድ፣ ከዓመት ዓመት ኳስ ቶሎ መልቀቅ እንደተማረ እያነሱ ይከራከራሉ። ዋሽንግተን ሲደርስ ማሆምስን ኮሌጅ ላይ ያሰለጠነው ክሊፍ ኪንግስበሪ የማጥቃቱ ኃላፊ ሆኖ ጠበቀው፣ ልጁ የሚያውቀውን ዓይነት ጨዋታ ሠራለት። በ2023 አራት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን በእሱ 12 አሸነፈ፣ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀረው ነው የቆመው። በ2025 ግን ጉዳት እየደጋገመ ከሜዳ አስወጣው፣ ክርኑ ሳይቀር ወለቀ። ስለ አእምሮው የወደዱት ሰዎች ትክክል ነበሩ፤ ስለ ሰውነቱ የፈሩትም እንደዚያው፣ በአንድ ልጅ ላይ።